የቁልፍ ዕጣ

«ዘንድሮ ሰባት ነን» አለ ጌጤነህ፣ ካራውን ሲሞርድ፤
ማንም አልመለሰ። ጓሳው ላይ ውርጭ አለ፣ እጅ የሚቆረጥም የመንዝ ብርድ።

በሬው ቦራ ነበር፣ በሆሳዕና ከመሐል ሜዳ የተነዳ፣
ሳምንት ሙሉ ጎረቤት ሁሉ የጎበኘው እንደ እንግዳ፤
ሴቱ ከሩቅ ቆሞ ሻኛውን በዓይኑ ይከፍላል፣
ወንዱ «ስብ አለው» ይላል፣ «የለውም» ይላል፣ ይማማላል።
ሃምሳ አምስት ቀን ስልጆ ያንገበገበው ምላስ
እንዴት አስችሎት ይደር፣ ከንፈር ሳይላስ?

ሲነጋጋ ቆዳው ተዘረጋ፣ ጓሳ ሣር ተጎዘጎዘበት፣
ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ ቆመበት።
ጌጤነህ ሲከፍል ሚዛን አያውቅም፣ እጁ ነው ሚዛኑ፤
ከጉበቱ ለሁሉም፣ ከጨጓራው ለሁሉም፣ ከታናሹ፣ ከጎድኑ፣
ሽንጡን በጣት ለክቶ፣ ሳንባውን እንደ ጨርቅ ቀዶ፣
አጥንት የበዛበትን በጮማ ክሶ፣ ከሞላው ላይ ወስዶ፣
መደብ መደቡን ሠራ። ቀና ብሎ ላቡን ጠረገ፤
ያኔ ነው ሁሉም በልቡ ቆጥሮ ዓይኑን መሬት ያደረገ።

ስምንት።

ሃያ ዓመት ስምንት የከፈለ እጅ፣ ሰባት ከየት ይምጣለት?
ወንድይራድ በኅዳር እንደሞተ ጆሮው ሰማ እንጂ ጣቱ አልሰማለት።

«ይፍረስና እንደገና ይከፈል» አለ ተክለወልድ፣ ሳንቲም አሳምሮ የሚያውቅ፤
«ያጋጥማል፣ ልማድ ነው» አለ ምንዳዬ፣ ሊስቅ ሞክሮ ሳይስቅ።
አንዱ «ለቤተክሲያን» አለ፣ አንዱ «ለአራጁ»፤ ሁሉም ተከራከረ፣
ውሻችን ብቻ ዝም፣ ከስምንተኛው መደብ አጠገብ የሰፈረ።

እኔ ዕጣ ጣይ ነበርኩ፤ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከካቡ ኋላ ፊቴን አዙሬ፣
ዓይኔን በጋቢ ጫፍ ሸፍኜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አጭበርብሬ።
ጠርተው በባርኔጣ ሰጡኝ፤ ጠጠር፣ የክብሪት እንጨት፣ የገብስ ዛላ፣
የሽቦ ቁራጭ፣ የዶሮ ላባ፣ አንድ ፍሬ ባቄላ፣
የበግ በጠጥም አለች፤ የምንዳዬ ናት፣ ምስጢር ቢሏትም ሁሉ የሚያውቃት።
ቆርኪዋ ግን የለችም፣ ያቺ ወንድይራድ በየዓመቱ የሚጥላት፤
ዘወትር አጥንት ያለበት መደብ ላይ ነበር ማረፊያዋ፣
«ሥጋ ያልቃል፣ መረቅ ይቆያል»፤ ይህ ነበር ማጽናኛዋ።

ሰባቱን ጣልኩ። ስምንተኛው መደብ ራቁቱን ቀረ፤
ትኩስ ሥጋ ነውና፣ በብርዱ እንደ ሰው ይተነፍስ ነበረ።
ከኮቴ ላይ የላላች ቁልፍ ነበረች፤ በጠስኳት፣
ማንም አላዘዘኝም፣ ጮማው ላይ አስቀመጥኳት።
እናቴ «ኮቱ የበዓል ነው!» ልትለኝ አፏን ከፈተችና
ዘጋችው። እንቅብ አመጣች፤ ሞላችው፤ «አድርስና ቶሎ ና።»

ትደነቂያለሽ በሯ ላይ ቆማ እንቅቡን አየች፣ እኔን አየች፤
«ያልከፈሉበት ሥጋ ምጽዋት ነው፤ መልስ» አለች።
«ዕጣ ወጥቶበታል» አልኳት። «የማን ዕጣ?» «ቁልፍ ነው፣ የኔ።»
የተበጠሰውን ክር ነካች፤ ቀዘቀዘኝ ጣቷ ከጎኔ።
ገባች። ቆየች። ድንጋይ ድንጋዩን ሲፈጭ ሰማሁ፤
ሰናፍጭ በቅል ይዛ ስትወጣ፣ ገና ከሩቁ አስነጥሼ አነባሁ።
«የበሬው መዋጮዬ ነው በል፤ ለሰባቱም ይድረስ፣
ማንም ቁርጡን ደረቁን እንዳይጎርስ።»

ካቡ ሥር ተቀምጠው ቆረጡ፣ አጠቀሱ፣ ጎረሱ፤
ሰባት ጎልማሳ፣ በሰናፍጩ እያመካኙ አለቀሱ።
«ዘንድሮ በርትቷል» አለ ጌጤነህ፣ አፍንጫውን በክንዱ ጠርጎ፤
ምንዳዬም «በርትቷል» አለ፣ ሌላ ጉርሻ አድርጎ።

በዓመቱ ለዕጣ ሲጠሩኝ ባርኔጣውን ዳበስኩ በጣቴ፤
ስምንት ነው። ስምንተኛዋ ቁልፍ ናት፣ ያቺ የኮቴ፣

ከነክሯ።